ማንም ያላነበበው ትእዛዝ

ሰኞ ጠዋት ገና ወንበሬ ላይ ሳልደላደል ሠላሳ የሚሆን ሰው ጣቢያውን ሞላው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮሃል። ሰው የተገደለ መስሎኝ ያወለቅሁትን ኮት መልሼ ለበስኩ።

«ማነው የሞተው?» አልኩ።

«ሰውማ አልሞተም! ዕጣችን ነው የተሰረቀው!» አለች ከፊት የቆመች ሴት።

እኔ ኢንስፔክተር ምንይችል እባላለሁ። ጎንደር ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሌባ አሳድጃለሁ። በሬ ሲሰረቅ አይቻለሁ፣ የቤት ክዳን ሌሊቱን ተገፎ ሲወሰድ አይቻለሁ፣ አንዴማ የሰርግ ድንኳን ከነካስማው ጠፍቶ ፈልጌ አግኝቻለሁ። ዕጣ ሲሰረቅ ግን ሰምቼም አላውቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ጎህ ቀደደ» የሚባል የቤት ሠሪዎች ማኅበር አለ። አርባ አባል፣ ከከተማው ዳር አርባ ቦታ። ቦታዎቹ በስፋት እኩል ናቸው፤ በዋጋ ግን ለየቅል ናቸው። ቁጥር ሰባት ማዕዘን ላይ ነው፣ መኪና የሚያልፍበት፣ ሱቅ ቢከፍቱበት ገበያ የማያጣ። ቁጥር ሠላሳ አንድ ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ፍየል እንኳ ተጠንቅቃ ነው የምትረግጠው። ቅዳሜ ዕለት አባላቱ በተራ ቁጥራቸው እየተጠሩ ዕጣው አዳራሽ ውስጥ በኮምፒውተር፣ ግድግዳ ላይ እየታየ ወጣ። ቁጥር ሰባት ለወይዘሮ ታየች ደረሰ። ታየች የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት።

የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ እስጢፋኖስ ከሰው መሀል ወጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩም የተተኮሰ ሰው ነው። ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ ከፍቶ ወደ እኔ አዞረው።

«ዛሬ ጠዋት የውጤት ማስታወቂያ ላወጣ ስገባ ነው ያገኘሁት» አለ። «የዕጣው ገጽ ላይ፣ ከጎን በኩል፣ ማስታወቂያ የሚወጣበት ሳጥን አለ። በማስታወቂያው ውስጥ ለዓይን በማይታይ መንገድ ይቺ ተደብቃለች። ስክሪፕት ትባላለች፤ ለኮምፒውተሩ የሚሰጥ ትእዛዝ ማለት ነው። ምን እንደምትል ልንገርዎት? ‹ተራ ሃያ ሦስት ሲደርስ ቦታ ሰባትን ስጥ› ነው የምትለው። ተራ ሃያ ሦስት ማን ነበረች? ታየች!»

«መቼ ነው የተጻፈው?»

«ይኸው ቀኑ። ረቡዕ! ዕጣው ከመውጣቱ ሦስት ቀን በፊት። የተጻፈው በሰብለ ወንጌል ስም ነው፤ ገጹን የሠራችልን እሷ ናት። ከታየች ጋር ደግሞ አንድ ግቢ ነው የሚኖሩት።»

ሰዉ «ኧረ ጉድ!» አለ። የማኅበሩ ኮሚቴ እዚያው ጠረጴዛዬ ፊት ወሰነ። ቅዳሜ ዕጣው በወረቀት እንደገና ይወጣል፤ እኔ እስከ ዓርብ ሌላ ማስረጃ ካላመጣሁ በስተቀር። የእኔን ሥራ ለእኔ ቀን ቆርጠው ሰጡኝ ማለት ነው። ተናደድኩ፤ ግን ምን ይደረጋል፣ ቦታው የእነሱ ነው።

ሰብለ ወንጌልን ማክሰኞ አሰርኳት።

* * *

ታየች የምትኖረው ማራኪ ነው፣ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ፣ ስድስት ተከራይ ባለበት ግቢ። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥንና ሁለት በርጩማ ይዞ አለቀ። የማርያም ሥዕል ሳጥኑ ላይ በቆርቆሮ ጣሳ ተደግፋ ቆማለች።

«ምነው ግድግዳው ላይ ብትሰቅያት?» አልኳት ጨዋታ ለመጀመር።

«አከራይ ምስማር አትምቺ ይላል ጌታዬ። አሥራ አንድ ቤት ተከራይቼ አሥራ አንዱም እንደዚያው ነው ያሉኝ።»

«ሰብለ ወንጌልን በደንብ ታውቂያታለሽ?»

«ልጄ ናት። አልወለድኳትም እንጂ ልጄ ናት። ገና ተማሪ ሆና ታይፎይድ ሲጥላት ሦስት ሳምንት ያስታመምኳት እኔ ነኝ።»

ይህን ስትል በሆዴ «አለቀላቸው» አልኩ። ምክንያት ስፈልግ ራሷ በሰፌድ አቀረበችልኝ።

«ተራሽ ስንት ነበር?»

ከቦርሳዋ መታወቂያዋን አወጣች፣ ከመታወቂያው ውስጥ ደግሞ አራት ቦታ የታጠፈች የደብተር ቁራጭ። በእስክሪብቶ ‹23› ተጽፎባታል።

«ይቺ ናት ዕድሌ። ከማኅበርተኛችን ከወይዘሮ መንበረ ቅርጫት በእጄ ያወጣኋት» አለች።

አየሁና መለስኩላት። አዎ፣ መለስኩላት! ከአራት ቀን ልፋት የምታድነኝን ነገር እጄ ላይ ይዤ ነበር፤ እንደ አውቶቡስ ቲኬት አገላብጬ መለስኩላት። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ መርማሪ ነኝ ባይ!

ልወጣ ስል እጄን ያዘችኝ። «ልጅቷን ፍቱልኝ። ቦታውን ትቻለሁ ብዬ እፈርማለሁ፤ ወረቀቱን አምጡ። እኔ ከኪራይ ቤት ጋር ተላምጃለሁ። እሷ ግን በሌብነት ስሟ ከተነሳ ማን ሥራ ይሰጣታል?»

«ከፈረምሽማ ሰርቀናል ማለት ነው የሚሆነው።»

«አልሰረቅንም።»

«እንግዲያው አትፈርሚ። እስከ ዓርብ ታገሽ።»

ይህን ያልኩት አምኛት አይደለም። ዓይኗ እንባ ሲያቀር አላስችል ብሎኝ ነው።

* * *

ሰብለ ወንጌል ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ቀጭን ናት፣ ምላሷ ግን ቀጭን አይደለም።

«ስክሪፕቱን እኔ አልጻፍኩትም» አለች። «ደግሞም አይሠራም።»

«እንዴት አይሠራም? ተጽፎ እያየነው?»

«ጋሼ፣ ማስታወቂያው ከገጹ ጋር አብሮ አይመጣም። መጀመሪያ ገጹ ይከፈታል። ብራውዘሩ፣ ገጹን የሚያሳየን ፕሮግራም ማለቴ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ያነብና ትእዛዝ ካገኘ ይፈጽማል። ማስታወቂያው ተጠርቶ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ዘግይቶ በተለጠፈ ጽሑፍ ውስጥ ያለ ስክሪፕት ይቀመጣል እንጂ አይሠራም። እንዲሠራ የሚቀሰቅሰው ሌላ ትእዛዝ ያስፈልገዋል። እኔ ደግሞ ያንን አላስገባሁም፤ ማንም ገብቶ እንዳይፈተፍትብኝ ሆን ብዬ ነው የተውኩት።»

«አልገባኝም።»

«ቢገባዎት ኖሮ እኔ እዚህ አልሆንም ነበር።»

ሌላ ቀን ቢሆን እቆጣ ነበር። የዚያን ቀን ግን እውነት ስለመሰለኝ ተነሥቼ ወጣሁ።

የማይገባኝን ነገር ወደ ሐምዛ ነው የምወስደው። ሐምዛ የጣቢያችን የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ሥራውን ያውቃል፣ ማወቁንም ያውቃል። ረቡዕ ከሰዓት ጠራኝ።

«ትዋሻለች!» አለ። «ማስታወቂያውን ከፈትኩት፣ ወዲያው ‹ተራ 23፣ ቦታ 7› ብሎ ጻፈልኝ። በዓይኔ ነው ያየሁት። ይኸው አንተም እይ።»

አየሁ። እውነትም እንደዚያ ብሎ ይጽፋል። ልቤ ስብር አለ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያቺ ምላሰኛ ልጅ ንጹሕ እንድትሆን ፈልጌ ነበር።

* * *

ረቡዕ አመሻሹ ላይ እስጢፋኖስ ሳልጠራው መጣ። ፖስታ ይዟል።

«ማኅበሩ ውስጥ ሐሜት ስላለ ነው» አለ። «ኮምፒውተር የምነካካው እኔ ስለሆንኩ ‹እሱ ይሆናል› የሚሉ አሉ። እኔ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ሙሉ አዲ አርቃይ የአማቴ ተዝካር ላይ ነበርኩ። ዕጣው ላይ ባለቤቴን ነው የላክኋት። ይኸው የመኪና ቲኬቱ። ይኸው ድንኳን ውስጥ የተነሣሁት ፎቶ፣ ቀኑ አለበት። እሑድ ማታ ነው የገባሁት።»

«ስንት ቁጥር ደረሳችሁ?»

«ሠላሳ አንድ» አለ። ፊቱ ላይ ገደሉን አየሁት። «የእግዜር ፈቃድ ነው።»

ሳይጠየቅ የት እንደነበር የሚያስረዳ ሰው አልወድም። ግን ቲኬቱ እውነተኛ ነው፣ አዲ አርቃይም እዚያው ደወልኩ፤ ወጥ ሲያድል ያዩት ሰዎች ምስክር ሆኑ።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና «አያ ላቀውንስ አነጋገሯቸው?» አለኝ። «ያ መሬት የእሳቸው ነበር። ባለፈው ስብሰባ ላይ ‹ዕጣችሁ እንደ ገለባ ይብነን› ብለው የወጡ ሰው ናቸው።»

* * *

ሐሙስ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወጣሁ። ብርዱ ልክ የለውም፤ በግንቦት ኮት ለብሼ ጥርሴ ይንገጫገጫል። አያ ላቀው ከሴት ልጃቸው ጋር ጎንደር ከርመው ወደ ወንድማቸው ቤት ተመልሰው ነበር። ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፣ ድምፃቸው ግን ለሦስት ሰው ይበቃል።

«ብያለሁ!» አሉ ገና ሳልቀመጥ። «ይብነን ብያለሁ! ንዴቴ ነዋ! የአባቴ መሬት ነው። ኋላ ግን ለእኔም ቦታ ሰጡኝ፣ ልጄ ሄዳ ዕጣዬን አወጣችልኝ፣ ሸጋ ቦታ ደረሰን። ከዚያ ወዲያ ምን አደርገዋለሁ?»

«ኮምፒውተር ያውቃሉ፣ አያ?»

«እኔ? ምነው አንተ! ስሜን መጻፍ የማላውቅ ሰውዬ?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ተነሥተው ከግድግዳው ማገር መሀል የተሸጎጠ ወረቀት ነቅለው ሰጡኝ። «በል እንዲያው ከመጣህ አይቀር ይቺን አንብብልኝ። ከቀበሌ ነች።»

አነበብኩ። ሳቄ መጣ። «አያ፣ ይህ እኮ ሚያዝያ ሃያ ለማዳበሪያ ስብሰባ ይምጡ የሚል ነው! ካለፈ ወር ሊሞላው ነው!»

«ታዲያ ማን አነበበልኝ? የወንድሜ ልጅ ለፋሲካ መጥታ ሳለ የነበረውን ወረቀት ሁሉ አንብባ፣ የሚደረገውን አስደርጋ ሄደች። ይህ የመጣው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ደብዳቤ ቤት ገባ ማለት ተነበበ ማለት ነው እንዴ? አንባቢ ካለፈ በኋላ የመጣ ወረቀት እዚያው ተሸጉጦ ይኖራል እንጂ ማንን ያስነሣል?»

ወረቀቱን እንደያዝኩ ቀረሁ። አንባቢው ካለፈ በኋላ የመጣ! ልጅቷ ከነገረችኝ ሁሉ ውስጥ ያልገባችኝ አንዲት ነገር ይቺው ነበረች። አያ ላቀውን ጉልበታቸውን ስሜ ሮጥኩ። ምን እንዳደረጉልኝ ስላልገባቸው «ምን ነካው ይኼ ሰውዬ?» ሲሉ ከኋላዬ ይሰማኛል።

ከመኪናው ውስጥ ለሐምዛ ደወልኩ። «ማስታወቂያውን ስትከፍተው ከዕጣው ገጽ ጋር ነው የከፈትከው ወይስ ለብቻው?»

«ለብቻው ነው» አለ። «ምን ለውጥ አለው?»

«እዚያው ጠብቀኝ።»

* * *

ስደርስ ሐምዛ የዕጣውን ገጽ ልክ እንደ ቅዳሜው አድርጎ ከፍቶ ጠበቀኝ። ገጹ መጣ፤ ቆየት ብሎ ማስታወቂያው ከጎን በኩል ብቅ አለ፣ ያቺን ድብቅ ትእዛዝ በሆዱ ይዞ።

«ተራ ሃያ ሦስትን ተጫን።»

ተጫነ። ቦታ አሥራ አራት አለ።

«እንደገና ከፍተህ ሞክር።»

ቦታ ሠላሳ ስምንት። እንደገና። ቦታ ሁለት። አሥራ አምስት ጊዜ ሞከርን፤ ሰባት አንዴም አልመጣም። ለብቻው ሲከፈት ብራውዘሩ ከላይ ጀምሮ ያነበዋል፣ ትእዛዙም ይሠራል። በገጹ ውስጥ ሲገባ ግን አንባቢው ካለፈ በኋላ ነው የሚደርሰው። ሐምዛ ከዚያ የዕጣውን ገጽ ራሱን መስመር በመስመር አነበበ፤ አንድ ሰዓት ፈጀበት። የሚቀሰቅስ ትእዛዝ የለም፣ ሌላ ተንኮልም የለም። ዕጣው ንጹሕ ነው። ታየች ቁጥር ሰባትን ያገኘችው በዕድሏ ብቻ ነው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ ሐምዛ ላቡን እየጠረገ። «ተሳስቻለሁ፣ ምንይችል።»

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ሄደህ ለልጅቷ ንገራት።»

ሄዶ ነገራት። ይህን ስላደረገ ከዚያን ቀን ጀምሮ አክብሬዋለሁ።

ሲመለስ ሌላ ነገር ነገረኝ። ማስታወቂያው ላይ ያለው ቀን መጀመሪያ የወጣበት ቀን ነው፤ በኋላ ገብቶ የሚያርመው ሰው ቢኖር ቀኑ ባለበት ይቆያል። የሰብለ ወንጌል የይለፍ ቃል ደግሞ በማኅበሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። አርባው አባል ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ የሆነ ሰው የረቡዕን ማስታወቂያ ከፍቶ ትእዛዙን ጨመረበት። ትእዛዙ እንደማይሠራ አላወቀም። ሰብለ ወንጌል ብትሆን ኖሮ ታውቅ ነበር። ግን ማነው? ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ‹ተራ ሃያ ሦስት፣ ተራ ሃያ ሦስት› ስል ያቺ የታየች የደብተር ቁራጭ ትዝ አለችኝ። ግንባሬን በመዳፌ መታሁት። ወዲያው ለወይዘሮ መንበረ ደወልኩና ሁለት ጥያቄ ጠየቅኋት።

* * *

ዓርብ ጠዋት እስጢፋኖስ መጣ፤ ሸሚዙ ዛሬም የተተኮሰ ነው። ታየችን ከጎኑ አስቀመጥኳት። እሷ ቦታውን የምትተውበትን ወረቀት ልትፈርም የመጣች መስሏት እስክሪብቶ በእጇ ይዛለች። ወይዘሮ መንበረ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ ግማሹን ጎንደር እሷ ናት ያዋለደችው። ጥግ ይዛ ተቀመጠች።

«አቶ እስጢፋኖስ» አልኩ፣ «አንድ ነገር ብቻ ያስረዱኝ። ሰብለ ወንጌል ረቡዕ ዕለት ትእዛዙን ስትጽፍ፣ ታየች ተራ ሃያ ሦስት እንደሆነች በምን አወቀች?»

«ምን ጥያቄ ነው? ተራውን ያዘጋጀችው ራሷ ናታ! ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ አዟታል። ረቡዕ ተራውንም አብራ ልትሠራ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተራውና የደረሰው ቦታ የተጻፈበት ዝርዝር ቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ እሑድ ስገባ አይቼዋለሁ። ሃያ ሦስት፣ ታየች፣ ቦታ ሰባት።»

«ታየች፣ ያቺን ወረቀት አውጪልኝ።»

ከመታወቂያዋ ውስጥ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻት።

«ወይዘሮ መንበረ፣ ይህ የማን ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ ነዋ» አለች። «ቅዳሜ ልንጀምር ስንል ተነሣሁና ‹ቦታውን ማሽን ያውጣው፣ ተራችንንማ እንደ አባቶቻችን በእጃችን እናወጣለን› አልኩ። ሰው አጨበጨበ። ደብተር ቀድጄ አርባ ቁራጭ ጻፍኩ፣ ቅርጫት ውስጥ ከተትኩ። ያቺ ልጅ የሠራችው የተራ ዝርዝር እዚያው ተሰረዘ። በዚያ ዝርዝር ታየች አሥራ አንደኛ ነበረች።»

«ሰብለ ወንጌል የት ነበረች?»

«ከፊታችን ቁጭ ብላ። የምትነካው ሁሉ ግድግዳው ላይ ይታየናል።»

ወደ እስጢፋኖስ ዞርኩ።

«በዚያ አዳራሽ የነበረ ሰው ሁሉ» አልኩ፣ «ታየች ሃያ ሦስት የሆነችው ቅዳሜ ጠዋት እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ከእነሱ መሀል ‹ረቡዕ ተጻፈ› ብሎ ሃያ ሦስት የሚል ትእዛዝ የሚቀብር የለም። እዚያ ያልነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ስማቸውን መጻፍ አይችሉም። ሁለተኛው እርስዎ ነዎት።»

«ባለቤቴ...»

«ባለቤትዎ ዘግይታ ነው የደረሰችው፤ ወረቀቷን ወይዘሮ መንበረ ናት ያወጣችላት። ስለ ቅርጫቱ አልነገረችዎትም፤ ሠላሳ አንድ ደረሰን ብላ ከማልቀስ ጊዜ አላገኘች ይሆናል።»

«እኔ እኮ አዲ አርቃይ ነበርኩ! ቲኬት አምጥቻለሁ!»

«አምጥተዋል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ እንዳልነበሩ የሚመሰክረው እሱ ነው፤ ትእዛዙን የቀበሩት እሑድ ማታ ከገቡ በኋላ ነው። እርስዎ ባያመጡት እኔ ፈልጌ ማግኘት ነበረብኝ።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእስጢፋኖስ በአምስት ቀን አለቀ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ማንንም ልጎዳ ብዬ አይደለም» አለ። «ዕጣው እንደገና ይውጣ ብዬ ነው። ገደል ላይ ቤት ይሠራል? ደግሞ... ደግሞ ሞክሬው ነበር። ከፍቼው ሠርቶልኝ ነበር!»

«ለብቻው ከፍተውት ነዋ። የእኛም ባለሙያ እንደዚያው ነው የተሸወደው።»

«ልጄን አራት ቀን አሳሰርካት» አለችው ታየች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ምንጣፍ አንጥፌ የምቀበልህ ሰው ነበርክ።»

እሱን ወደ ውስጥ ሰደድኩት። ሰብለ ወንጌልን ራሴ ሄጄ በሩን ከፈትኩላት።

«አሁን ገባዎት?» አለችኝ።

«አያ ላቀው አስረድተውኛል» አልኩ። ማን ናቸው አላለችም፤ ታየችን አየቻትና ሮጠች።

* * *

ቅዳሜ ድጋሚ ዕጣ ሊወጣ በታሰበበት ሰዓት አባላቱ ቦታው ላይ ተሰበሰቡ። ሰኞ ጣቢያዬ ድረስ መጥተው የጮሁት ሰዎች ሰብለ ወንጌልን አንገቷን እያቀፉ ይስማሉ፤ እሷም ትስቃለች፣ ጨክና ቂም አልያዘችባቸውም። አያ ላቀው ከአምባ ጊዮርጊስ ወርደው ድሮ በቆሎ ይዘሩበት የነበረውን ለሰው ሁሉ በበትራቸው ያሳያሉ።

እኔ የኮሚቴውን ደብዳቤ ለታየች ላደርስ ነበር የመጣሁት። ፖስታውን ሰጠኋት። ተቀብላ መልሳ ሰጠችኝ።

«ማንበብ ታውቂ የለም እንዴ?» አልኳት።

«አውቃለሁ። እርስዎ ያንብቡልኝ። ጮክ ብለው፣ ሁሉም ይስማ።»

ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብኩ። «ቦታ ቁጥር ሰባት፣ በወይዘሮ ታየች ስም መጽናቱን እናረጋግጣለን።»

«ይድገሙልኝ።»

ደገምኩላት። ሰብለ ወንጌል ከኋላዋ ሆና አፏን በእጇ ያዘች። ወይዘሮ መንበረ እልል አለች፣ ሌሎቹም ተከተሏት።

ታየች ከመሬት ድንጋይ አነሣች። ሰብለ ወንጌል ችካሉን ማዕዘኑ ላይ ያዘችላት። አሥራ አንድ ቤት ተከራይታ አንድ ምስማር ያልመታች ሴት በመጀመሪያው ምት የልጅቷን ጣት ለጥቂት ሳተችው።

«እትዬ፣ ቀስ!»

«ዝም በይ» አለቻት ታየች እየሳቀች፣ እንባዋም እየወረደ። «አከራይ የለብኝም።»